ዓይኑን አስሮ የከተበው ሰው

ጎረቤቴ አያ ሰጠኝ በሰው ላይ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። መከራውን ያመጣበትም ይኸው ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ሁሉ ምስጋና ነው። የሰው ማሳ ሲያይ ያመሰግናል፤ የሰው በቅሎ ሲያይ ያመሰግናል፤ ይልቁንም የደለበ ከብት ያየ እንደ ሆነ መንገዱን ትቶ ይቆማል። «ወይ ትከሻ! ወይ ጭን! ይኼ ወይፈን ነው ወይስ ቤት?» ይላል። አገራችን ደግሞ እንዲህ ያለውን ምስጋና በባዶው አይወድም። «እግዜር ይጠብቀው» የሚል ማሰሪያ ከሌለው ምስጋና ገመዱን እንደ በጠሰ ውሻ ነው፤ ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም። አያ ሰጠኝ ማሰሪያውን ሁልጊዜ ይረሳዋል። ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ደስታው እየቀደመው ነው።

በዚያ ላይ እግዚአብሔር ሲፈጥረው ዓይኖቹን ከሌላው ሰው ትንሽ ወጣ አድርጎ ነው የፈጠረው።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ በስተ ቀኝ ገባ ብላ ያለችው ቀበሌያችን በከብቷ የታወቀች ነበረች። ነገር ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ አባ ጎርባ ይጎበኛታል። አባ ጎርባ የሚሉት በሽታ ምርጫ ያውቃል። ያረጀች ላም፣ የከሳ በሬ አይነካም። ጥጃነቱን የጨረሰውን፣ የደለበውን፣ ጠጉሩ የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል። ወይፈኑ ጠዋት አንድ እግሩን ሲጎትት ይታያል፤ ጭኑ ያብጣል፤ ያበጠውን በእጅ ሲጫኑት ከቆዳው በታች ደረቅ ገለባ እንደ ረገጡ ይንኮሻኮሻል፤ በማግስቱ የለም። ባለቤቱ በክት እንዳይሆንበት ቢላዋ ይዞ ይሮጣል። ደርሶ ቢያርደውም ሥጋው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ሽታው እንደ ከረመ ቅቤ ሆኖ ያገኘዋል።

እንግዲህ ድልቡን ብቻ የሚገድል በሽታና ድልቡን ብቻ የሚያመሰግን ሰው በአንድ ቀበሌ ሲኖሩ ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም። አንድ ዓመት በመስቀል ማግስት አያ ሰጠኝ የአቶ አሻግሬን ጊደር አይቶ፣ «ይቺ ጊደር ሙሽራ ናት እንጂ ከብት አይደለችም!» አለ። በሦስተኛው ቀን ጊደሯ አነከሰች። በዓመቱ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር የደምለውን ወይፈን አመሰገነ። እሱም ሄደ። ከዚያ ወዲያ አያ ሰጠኝ በመንገድ ሲመጣ ከታየ ሴቱ ጥጃውን በነጠላ ይሸፍናል፤ ወንዱ ወይፈኑን ወደ ጓሮ ይነዳል። እሱ ግን ሰው ሁሉ ሲያየው የሚሯሯጠው ሥራ ወዳድ ስለ ሆነ ይመስለው ነበር።

ከከብቱ ሁሉ የከፋው የቤቱ ነገር ነበር። ሚስቱ ፋንታዬ የመጀመሪያ ልጇን ወንድ ወልዳ ነበር። አያ ሰጠኝ ሕፃኑን በታቀፈው ጊዜ እንደ ልማዱ፣ «ወይ ልጅ! ይኼ እኮ ሳይጠመቅ ጎረምሳ ነው!» አለ። በሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት መያዝ አቃተው። መንጋጋው ገጠመ፤ ጀርባው ተገተረ፤ በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ። አማቱ እመት በለጠች በሰው ፊት፣ «የገዛ አባቱ ዓይን በላው» አሉ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አያ ሰጠኝ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ወደ ጓሮ ሄደ።

እመት በለጠች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ምላሳቸው ከማጭድ የሰላ ሴት ነበሩ። ሀብታቸው ትንሽ መሬትና ቦራ ነበር። ቦራ ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ወይፈን ነው። ለእርሻ ሲደርስ ከእኔ አንድ በሬ ጋር ሊቀናጅ ተነጋግረናል፤ የሳቸውንም የኔንም በተራ እናርሳለን። ቦራ ካለ እመት በለጠች በቤታቸው እመቤት ናቸው። ቦራ ከሞተ ግን መሬቱን ሰው አርሶ እኩል እንዲያካፍላቸው ሰጥተው፣ በራቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት መግባታቸው ነው። ልጃቸው ቤት ማለት አያ ሰጠኝ ቤት ማለት ነው። ይህን እሳቸውም አይፈልጉም፤ እሱም ጠዋት ማታ በጸሎት ይከላከለው ነበር። በቀበሌያችን የቦራን ዕድሜ እንደ አያ ሰጠኝ አጥብቆ የሚለምን አልነበረም። እሳቸው ደግሞ ቦራን ከማንም አብልጠው የሚደብቁት ከእሱ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ሊቀ መንበር ደምለው ስብሰባ ጠራ።

«ጓዶች!» አለ፤ «ከየቀበሌው አንድ ሰው ደባርቅ ሄዶ ለሦስት ሳምንት የከብት ክትባት ይሠለጥናል። ማን ይሂድ?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። በዚያ ዘመን ለሥልጠና ተብሎ የሄደ ሰው ሁሉ በሄደበት መንገድ ይመለሳል ብሎ የሚያምን አልነበረም። ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፣ «አያ ሰጠኝ ይሂድ!» አለ። ጠቅላላው ሰው እጁን አወጣ። አንዳንዱ ሁለቱንም እጁን አወጣ። በቀበሌያችን ስብሰባ ያለ ጭቅጭቅ ሲወሰን ያየሁት ያ ብቻ ነው።

ስንወጣ አያ ሰጠኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ሰው እንዲህ የሚወደኝ አይመስለኝም ነበር» አለኝ። ከብቱ ሦስት ሳምንት እፎይ እንዲል መሆኑን ልነግረው አልጨከንኩም።

ሲመለስ በደስታ ሰክሮ ተመለሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቁጭ እንዳለ ተነሥቶ ቆመ።

«ወገኖቼ! አባ ጎርባን የሚያመጣው ዓይን አይደለም! በዓይን የማትታይ ረቂቅ ነፍስ ናት። አፈር ውስጥ ትተኛለች። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ሳትበላ ሳትጠጣ ትኖራለች።»

«እንደ ባሕታዊ» አሉ መምሬ ሀብተ ሚካኤል፣ የደብራችን ቄስ።

«እንደ ባሕታዊ፣ አባቴ፤ ግን ክፉ ባሕታዊ። ከብቱ ሣር ሲግጥ ከአፈሩ ጋር ትገባለች። ወጣትና የደለበ ሥጋ ስታገኝ ትነቃለች። ድልቡን የምትመርጠው እሷ ናት። እኔ አይደለሁም!»

አቶ አሻግሬ ጊደሩን ገና አልረሳም። «እንግዲያው» አለ፣ «አንተና እሷ ምርጫችሁ አንድ ነው።»

ሰው ሳቀ። አያ ሰጠኝም አብሮ ሳቀ። «እኅቶችም አሏት» ብሎ ቀጠለ፤ «አንደኛዋ በቁስል በኩል ሰው ውስጥ ትገባለች፤ መንጋጋ…» ዓይኑ ከሴቶቹ መካከል እመት በለጠች ላይ ዐረፈ። ንግግሩን ዋጥ አደረገ። «ብቻ ስለ ከብቱ ነው የመጣሁት» ብሎ ተቀመጠ።

ፋንታዬ ኋላ እንዳጫወተችኝ፣ ቤት ሲገቡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ታዲያ አንተ አይደለህማ?»

«እኔ አይደለሁም።»

ሕፃኑን የገደለው ምን እንደ ሆነ አልጠየቀችውም። ልጇን አፏን ሞልታ ያለቀሰችው ግን ያን ዕለት ነው አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ባሏን የከሰሰች እንዳይመስልባት ፈርታ ነበር።

በግንቦት አጋማሽ መድኃኒቱ በበረዶ ሳጥን መጣ። አያ ሰጠኝ የሚወጋበት የብረት መርፌ ተሰጥቶታል፤ እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ስለ ለየሁ መድኃኒቱን እየለካሁ እሞላለት ጀመር። በረዶው የሚቆየው እስከ ማግስቱ ማታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ከውኃ አይሻልም ተብለናል።

ደምለው ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። «አባ ጎርባ ይውደም!»

«ይውደም!» አለ ሕዝቡ።

ከዚያ ከብቱ መጣ። እንዲያ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ጥርስ የሌላት ላም መጣች። ሁለት ሰው ከኋላ እየገፋው የሚሄድ በሬ መጣ። አንዱ በሬ መርፌው ሳይነካው ተኛ፤ ባለቤቱ፣ «አትፍሩ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል አንዷን ላም ትክ ብለው አይተው፣ «ይቺ ጣሊያን ሲገባ ጥጃ ነበረች» አሉ። ሰው ሁሉ ለዓይን የማይሞላውን እያመጣ ድልቡን ቤቱ ደብቋል። ድልቡን አያ ሰጠኝ ካየው ይሞታል፤ አያ ሰጠኝ ባያየው መንግሥት ያየዋል፤ መንግሥት ካየው ደግሞ ለሠራዊቱ ሥጋ ይላል።

ማታ ላይ ደምለው፣ «መቶ በመቶ!» ብሎ ደስ አለው።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለ አያ ሰጠኝ ላቡን እየጠረገ፣ «ቤቱ እየተቃጠለ ውኃውን ወንዝ ላይ ደፋን እኮ። አባ ጎርባ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ቢሰጡት አይወስድም። ያንተስ ወይፈን የት አለ?»

ደምለው ወደ ሰማይ አየ። «ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» አለ።

አያ ሰጠኝ እኔን አስከትሎ በቀጥታ እመት በለጠች ቤት ሄደ። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። አንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዟል።

«እንደምን ዋሉ፣ እመት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ፈለግህ?»

«ስለ ቦራ ነው የመጣሁ።»

«ቦራ? መካነ ብርሃን ልኬዋለሁ። ዘመድ ጋ።»

በዚህ መካከል ከጓዳ፣ ከጎታው ኋላ፣ «እምቧ!» የሚል ድምፅ መጣ። እመት በለጠች ቶሎ ብለው በጣም ሳሉ። «ጉንፋን ይዞኛል» አሉ።

«ጉንፋንዎ ሣር ያኝካል እንዴ፣ እመት?» አልኳቸው እኔ።

«አንተ ዝም በል! ይልቅ የራስህን በሬ ጠብቅ!» አሉኝ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማ ሰጠኝ። አንድ የልጅ ልጅ ነበረኝ፤ አየኸው፤ ሄደ። አንድ ወይፈን አለኝ። እሱንስ አላሳይህም።» በሩን ዘጉት።

በበነጋው ጠዋት ፋንታዬ ባሏ ሳጥኑን ከፍቶ የሟሟውን በረዶ እያየ ሲተክዝ አገኘችው። እሷ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ያን ጊዜ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

«እናቴ የምትፈራው እጅህን ነው ወይስ ዓይንህን?» አለችው።

«ዓይኔን።»

«ታዲያ ዓይንህን ቤት ትተኸው ሂድ» አለችና መቀነቷን ፈታች።

እንዲህ ሆነና አያ ሰጠኝ በፋንታዬ መቀነት ዓይኑን ሦስት ዙር ታስሮ፣ በእሷ እጅ እየተመራ ወደ መስኩ ወጣ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረሰ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል ሊመረምሩት ቀረቡ። ሦስት ጣታቸውን ፊቱ ላይ አወዛወዙ።

«ስንት ነው?»

«ምኑ፣ አባቴ?»

መምሬ አላመኑም። ወዲያ ወዲህ አይተው ምላሳቸውን አወጡበት። አያ ሰጠኝ በአክብሮት እንደ ቆመ ቀረ። ያን ጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «አያይም። እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

አቶ አሻግሬ ግን ከብቱን ሊያመጣ አልተነሣም። «የአንዱን ዓይን አስረን የመንግሥትን ዓይን ልንተወው ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ደምለው ዞረ። ደምለው አንገቱን እየደባበሰ ፊቱን ወደ ሰሜን ተራሮች አዞረ። «እኔ ዛሬ ተራራ ነው የማየው» አለ። እውነትም እስኪመሽ ዞር አላለም። የራሱን ሁለት ወይፈኖች ሚስቱ ከኋላው ስታሳልፋቸው እንኳ ጆሮውን ብቻ ነው ያቆመው።

ከዚያ በየቤቱ በር ተከፈተ! ከጓዳ፣ ከጎታ ኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጫካ የደለበ ወይፈን፣ የምታብረቀርቅ ጊደር ወጣ። ከሌላው ጎረቤቴ ቤት ለዓመታት ወፍጮ ይመስለኝ የነበረው ድምፅ ሁለት ጥጃ ኖሯል። አያ ሰጠኝ በእጁ ትከሻውን ይዳስሳል፣ ቆዳውን ቆንጠር አድርጎ ያነሣል፣ መርፌውን ይሰዳል። ችግሩ መዳሰስም ማየት ነው። አንዱን ወይፈን እንደ ነካ ሳያስበው፣ «ወይ ትከ…» ሲል ፋንታዬ ክንዱን ቆነጠጠችው። ሌላዋን ነካ፤ «ወይ ጭ…»፤ ቆነጠጠችው። ማታ ክንዱን ሳየው በልዞ ነበር። ከከብቶቹ ይልቅ የተወጋው እሱ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መድኃኒቱ ጠርሙሱ ሥር ደረሰ። የቀረው ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ከብት ነው። በረዶው ውኃ ሆኗል። አያ ሰጠኝ አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «መጡ?» አለኝ።

«አልመጡም።»

«ጥቂት እንጠብቅ።»

ጠበቅን። ሰው እየተበተነ ነው። በመጨረሻ እመት በለጠች ከቁልቁለቱ ብቅ አሉ። ቦራ ግንባሩ አመድ ተቀብቶ፣ ወገቡ በአሮጌ ጆንያ ተሸፍኖ፣ አንገቱ ላይ ክታብ ተንጠልጥሎ ከኋላቸው ይከተላል። ያን ያህል ተሸፋፍኖም ማማሩ አልቀረ። እመት በለጠች አማቻቸው ፊት ቆመው መቀነቱን ጠበቅ አደረጉት።

«በአፍህ እንዳታመሰግነው።»

«እሺ፣ እመት።»

«በልብህም እንዳታመሰግነው።»

አያ ሰጠኝ በዚህኛው ተቸገረ። «እሞክራለሁ» አለ።

ዳሰሰው። ከንፈሩ ለምስጋና ተከፈተ፤ ፋንታዬ ጣቶቿን አዘጋጀች። ግን ትንፍሽ አላለም። ወጋው። ቦራ በወጣትነቱ ብድግ ብሎ ጆንያውንም፣ አመዱንም፣ አያ ሰጠኝንም በአንድ ጊዜ ጣላቸው። አያ ሰጠኝ በዕውሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ከአሮጌ የበረት ሳንቃ ላይ ቆመ። ሳንቃው ላይ የዛገ ሚስማር ነበረበት።

ጩኸቱን ሰምቶ ደምለው እንኳ ከተራራው ዞረ።

ሚስማሩ ከውስጥ እግሩ ጠልቆ ገብቷል። ሴቶች ተሯሯጡ፤ አንዷ ትኩስ እበት ጭብጥ አድርጋ መጣች። አያ ሰጠኝ መቀነቱን ከዓይኑ ነቅሎ፣ «እበት አይነካኝ!» ብሎ ጮኸ። «የዚያች የባሕታዊቷ እኅት እዚያ ውስጥ ነው የምትተኛው! ደባርቅ ውሰዱኝ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ መወጋት አለብኝ!»

እመት በለጠች እግሩን አዩ፤ ወይፈናቸውን አዩ። «በኔ ወይፈን ሰበብ ነው የተወጋኸው» አሉ። «እኔም እሄዳለሁ።»

በበነጋው ሲነጋጋ በእኔ በቅሎ ጭነነው፣ እሱና ፋንታዬ፣ እመት በለጠችና እኔ ደባርቅ ሄድን። የጤና ረዳቷ ጽጌሬዳ የምትባል ወጣት ነበረች። ቁስሉን በሳሙና አጠበች፤ መርፌውን አነሣች። ያኔ አያ ሰጠኝ አልጋው ላይ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ባንድ እግሩ እየዘለለ አገኘነው።

«ምነው?» አለችው። «ከብት ከታቢ ነህ አሉኝ። ስንት ወጋህ?»

«በሁለት ቀን መቶ ሠላሳ።»

«ከዚያ ውስጥ የሸሸ አለ?»

«ሁሉም ሸሽቷል» አለ አያ ሰጠኝ።

እመት በለጠች የፋንታዬን መቀነት ተቀበሉ። «ና ወዲህ» አሉት። «አንተ ሳታየው ነው ወይፈኔ የተወጋው፤ አንተም መርፌውን ሳታይ ትወጋለህ።» ዓይኑን አሰሩት። በግቢው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሳቁ። እንደ በግ ተቀመጠ፤ ተወጋ።

ጽጌሬዳ ከዚያ የፋንታዬን ሆድ አየች። «አንቺም ትወጊያለሽ፤ ለልጁም ይሆናል» አለቻት። ፋንታዬ ክንዷን ሰጠች፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«ሁለተኛዬ። የፊተኛው በዘጠኝ ቀኑ ዐረፈ። መንጋጋው ገጥሞ።»

ጽጌሬዳ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «እትብቱ በምን ነበር የተቆረጠው?»

ፋንታዬ መሬት አየች። መልሱ የመጣው ከእመት በለጠች ነው። «በምላጭ» አሉ። «እኔ ነኝ የቆረጥሁት። ምላጩ ከግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ከዚያ ነቀልሁት።»

«ግድግዳው በምን ተለስኗል?»

«እንደ ሰው ቤት ሁሉ ነው፤ በጭቃና በእበት…» አሉና አላስጨረሱትም።

ልጅቱ አልተቆጣችም፤ እግዚአብሔር ይስጣት። «እናቴ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ከእንግዲህ አዲስ ምላጭ ይሁን፤ እሱም ይቀቀል። እትብቱ ላይ ምንም አይደረግ» ብቻ አለች።

አያ ሰጠኝ ዓይኑ እንደ ታሰረ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ከመቀነቱ ሥር እንባው ወደ ጢሙ ወረደ። ጽጌሬዳ አይታ፣ «መርፌው ይህን ያህል አመመህ?» አለችው።

«አዎ» አላት።

በመልሳችን እመት በለጠች የበቅሎውን ልጓም ከእኔ ተቀብለው ረጅም መንገድ አማቻቸውን መሩ። ያ በራሱ ተአምር ነበር። ወደ ቀበሌያችን ከምንታጠፍበት ስንደርስ፣ «ሰጠኝ» አሉ።

«አቤት፣ እመት።»

«ታውቅ ነበር?»

ዋሽቶ አያውቅም። «ሥልጠናው ላይ ነገሩን።»

«ታዲያ ያን እሑድ በሰው ፊት ለምን አልተናገርህም? እኔ በሰው ፊት ነው የተናገርሁህ።»

«አፈር ናት፣ እመት። አፈርን ማን ይከሳል? እርስዎም አላወቁም፤ እኔም አላወቅሁም።»

በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አቧራው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ነገ ናና ቦራን እየው። በደንብ አድርገህ እየው» አሉት።

በማግስቱ እያነከሰ ሄደ። ቦራ ያለ ጆንያ፣ ያለ አመድ ደጅ ቆሞ ነበር። አያ ሰጠኝ ዓይኖቹ ፈጠጡ፤ እጁን አማታ። «ወይ ትከሻ! ወይ ጭን!» አለና እንደ ልማዱ እዚያው ላይ አቆመው።

«እግዜር ይጠብቀው በል እንጂ፣ አንተ ሰው!» ብለው ጮሁ እመት በለጠች።

ክረምቱ ወጣ። በመስከረም አባ ጎርባ እንደ ወትሮው መጣ። ያነከሰው ግን አንድ ወይፈን ብቻ ነበር፤ የአቶ አሻግሬ። አንደኛውን ወይፈኑን አስከትቦ ሁለተኛውን ለክፉ ቀን ብሎ ገደል ሥር ደብቆት ኖሯል። ያን ወይፈን አያ ሰጠኝ በእጁም አልነካው፤ በዓይኑም አላየው፤ በዓለም ላይ መኖሩንም አያውቅ። አቶ አሻግሬ የጠቆረውን ሥጋ ቀበረ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል፣ «እንግዲህ ዓይን ያላየው ሞተ፤ እጁ የነካው ዳነ። ይህን አስበህ ጹም» አሉት። በዓመቱ ክትባት አቶ አሻግሬ ጎህ ሲቀድ ሰልፉ ላይ አንደኛ ሆኖ ተገኘ። ዶሮም ይዞ መጥቶ ነበር፤ መለስነው።

ቦራ ዳነ። ከእኔ በሬ ጋር ተቀናጅቶ መሬቱን እንደ ገለባ ገለበጠው። ስለዚህ እመት በለጠች አማቻቸው ቤት የሚገቡበት ምክንያት ጠፋ፤ አያ ሰጠኝም እግዚአብሔርን አመሰገነ። ግን ትንሽ ቸኩሎ ነበር።

በጥቅምት ፋንታዬ ምጥ ያዛት። እመት በለጠች ደረሱ። ከጉያቸው ወረቀቱ ያልተቀደደ አዲስ ምላጭ አወጡ። ውኃ አስጣዱ፤ ምላጩን እንደ ባቄላ ቀቀሉት። «በቃው» ሲሏቸው፣ «አልበሰለም» አሉ። እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠቡ። እትብቱን ራሳቸው እንደ ቆረጡ ፋንታዬ ነግራኛለች። ምንም አልቀቡትም።

ሰባተኛው ቀን መጣ። አያ ሰጠኝ ሥራ ፈትቶ ደጅ ተቀመጠ። ስምንተኛው ቀን ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የእኔን በር አንኳኳ።

«ጠባች» አለኝ። ገብተን አባታችን ሆይ ደገምን።

ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፤ አራሷም ያኔ ትወጣ ነበር። ሴት ሆነች። ሰማንያ ቀን! እመት በለጠች ሰማንያ ቀን ሙሉ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላሉም። ማንም ሰው እጁን ሳይታጠብ ሕፃኗን እንዳይነካ ዘበኛ ሆኑ፤ አያ ሰጠኝን በቀን ስድስት ጊዜ አስታጠቡት። ደምለው ሊጠይቅ ቢመጣ፣ «ሊቀ መንበርም እጅ አለው» ብለው ውኃ አፈሰሱለት። አያ ሰጠኝ እኔ ቤት እየመጣ፣ «ስንት ቀረ?» ይለኛል። እኔ እነግረዋለሁ። ተንፍሶ ይሄዳል።

በሰማንያኛው ቀን ልጅቱ ክርስትና ተነሣች፤ ስጦታ ተባለች። እመት በለጠች ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ቦራ ተመለሱ። ማታ አያ ሰጠኝ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ።

«ሄዱ» አለኝ።

«ደስ አለህ?»

ቁልቁል የሳቸውን ቤት አየ፤ ጭሱ ከጣራው ይወጣል። «ቤቱ ጭር አለብኝ» አለ። ከዚያ ዓይኖቹ ወጣ አሉ፤ እጁን አማታ። «ምን ያሉ ሴት ናቸው! ወይ ምላስ! ወይ ጉልበት!»

እኔ እስትንፋሴን ይዤ ጠበቅሁ።

«እግዜር ይጠብቃቸው» አለ፤ ማንም ሳይቆነጥጠው።